የደምሰው ሰርግና ያልተነካው ትሪ

ተረት ሁሉም ይተርታል፤ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህኛውን ተረት ሌላው አገር በሌላ ታሪክ ያመካኘው ይሆናል፤ አልከራከርም። በወሎ፣ ጨፌ በር በምትባል መንደር ግን አንድ ሰው እደጁ ያለውን ትቶ ሩቅ ሲያማትር ያዩ ሽማግሌዎች፣ መጀመሪያ ተረቱን ይወረውሩና ቀጥለው "የደምሰውን ሰርግ ሰምተሃል?" ይላሉ። አልሰማሁም ካላችሁማ አለቀላችሁ፤ እስከ መጨረሻው ሳትሰሙ አትሄዱም።

ደምሰው የዚያው መንደር ልጅ ነው። በጉብዝናው ወራት አዲስ አበባ ገብቶ፣ በቆርቆሮና በሚስማር ንግድ ሰው ሆኖ፣ እዚያው ወልዶ አሳደገ። የበኩር ልጁ ሶስና ልታገባ ስትል ሰርጉን በትልቅ አዳራሽ ሊደግስ አስቦ ነበር። ሐሳቡን ያፈረሱበት እናቱ ወይዘሮ አንጓች ናቸው።

"እኔ መኪና የምችልበት አቅም የለኝም። የልጅ ልጄን ሳልመርቅ ደግሞ አልሞትም። ከእኔ ቤት ትዳር" አሉ በስልክ።

እናት ካሉ አሉ ነው። ደምሰው እሺ አለ፤ ልቡ ግን አላረፈም። የሙሽራው አባት አቶ ኅሩይ ትልቅ ሰው ናቸው። ከነዘመዶቻቸው ያን ሁሉ መንገድ መጥተው በቅጠል ዳስ ሥር አግዳሚ ላይ ሊቀመጡ ነው? እንዴት ተደርጎ! ስለዚህ ድንኳኑንም፣ ወንበሩንም፣ ወጥ ሠሪዎቹንም፣ ሥጋ ቆራጮቹንም፣ ፓፒዮን ያሰሩ አስተናጋጆችንም በአይሱዙ ጭኖ ከአዲስ አበባ ይዟቸው መጣ። ምንጭ ላለበት መንደር የታሸገ ውሃ ሳይቀር ጭኗል።

ጎረቤቶቹ ዳስ ሊጥሉ ምሰሶ ቆርጠው፣ ሴቶቹም ሽንኩርት ሊልጡ መክተፊያቸውን ይዘው ተሰብስበው ነበር።

"አትድከሙ!" አላቸው ደምሰው እጁን እያርገበገበ። "እናንተ ዘንድሮ እንግዳ ናችሁ። የእናንተ ሥራ መጥቶ መብላት ብቻ ነው።"

ክፉ አላሰበም፤ ማክበሩ ነበር። የጨፌ በር ሰው ግን በገዛ መንደሩ እንግዳ ተብሎ አያውቅም። ምሰሶውን እንደገና ተሸክሞ ወደየቤቱ ተመለሰ።

በሰርጉ ዋዜማ ወይዘሮ አንጓች ልጃቸውን ጠርተው አንድ ነገር አስጠነቀቁት። "ጓሮ ሁለት በሬ ታስሯል። ቦቃው የእኛ ነው። ቀዩን እንዳትነኩት፤ እሱ የእነ ሙሄ ነው። ጠዋት ራሱ መጥቶ ያርደዋል።"

"እሺ እማዬ" አለ ደምሰው። ያን ጊዜ ግን ስልኩን በትከሻና በጆሮው ይዞ የጄኔሬተር ነዳጅ እያፈላለገ ነበር፤ ነገሩ በአንዱ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ።

ጨፌ በር እኩሌታው ክርስቲያን፣ እኩሌታው እስላም ነው። አብሮ ያርሳል፣ አብሮ ያዝናል፣ ይጋባል ባይባልም አበልጅ ይሆናል። ሥጋው ግን ለየብቻ ነው። ክርስቲያን ሲደግስ ለእስላም ጎረቤቱ በሬ ይለያል፤ አራጁም፣ ቢላውም፣ ድስቱም፣ ወጥ ሠሪዋም ከእነሱ ወገን ይሆናሉ። እስላሙም ሲድር ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። ይህን ያላደረገ ሰው አበላ እንጂ ደገሰ አይባልም። ደምሰውም ከልጅነቱ ያውቀው ነበር፤ ሠላሳ ዓመት በአዳራሽ ሲበላ ኖሮ ተረሳው እንጂ።

በማግስቱ አያ ሙሄ ቢላቸውን ስለው ሲመጡ ጓሮው ውስጥ ሁለት ቆዳ ተዘርግቶ አዩ። አያ ሙሄ የወይዘሮ አንጓች የአጥር ጎረቤት፣ የሟች ባላቸውም የልብ ወዳጅ ናቸው። የሰርግ ጠዋት ክፉ ወሬ አይወራም ብለው ቢላቸውን ወደ አፎቱ መልሰው ዝም ብለው ሄዱ።

እኩለ ቀን ላይ ግን ከነሰፈራቸው ተመልሰው መጡ። መቅረት ነውር ነዋ! ሰላም ብለው፣ ከድንኳኑ ወዲያ ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። አስተናጋጆቹ ጥብስ በየትሪው አድርገው ፊታቸው ደረደሩ። እጁን የዘረጋ የለም።

"አባባ፣ ይብሉ እንጂ፤ ይቀዘቅዛል" አለ አንዱ አስተናጋጅ።

"ልጄ፣ ማነው ያረደው?" አሉ አያ ሙሄ ቀስ ብለው።

"ኧረ አያስቡ፣ አባባ! አዲስ አበባ አለ የተባለ ሥጋ ቆራጭ ነው!"

"አይ፣ እሱስ ጎበዝ ይመስላል" አሉ አያ ሙሄ፣ ትሪውን በትሕትና ወደ ልጁ መለስ እያደረጉ።

ደምሰው ከሩቅ አይቶ መጣ። "ምነው አያ ሙሄ? ጥብሱ አልጣፈጣችሁም?"

"ኧረ ደምሰው፣ እኛ ጠግበን ነው የመጣን።"

በዚህ ዓለም ላይ ሰርግ ቤት ጠግቦ የመጣ ሰው የለም። ደምሰው የሽማግሌዎቹን ነጭ ቆብ አየ፣ ያልተነካውን ትሪ አየ፣ እናቱ የነገሩት ነገር ያን ጊዜ ትዝ አለው። ወደ ጓሮ ሮጦ ዋናዋን ወጥ ሠሪ ወይዘሮ ፈለቀችን ያዛቸው።

"ቀዩን በሬ አረዳችሁት?"

"ጓሮ ያለው ሁሉ የእናንተ ነው ብለውን የለ እንዴ? ደግሞ ከቀይ በሬ የተሻለ ሥጋ የት አለ፣ ጋሼ!"

ወሬው ወይዘሮ አንጓች ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ደምሰው ቤት ሲገባ ነጠላቸውን ተከናንበው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሶስናም በሙሽራ ልብሷ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ጉልበታቸውን ትዳብሳለች።

"ሙሄ ልጁን ሲድር ወይፈን ለይቶ፣ በእኛ ሰው አሳርዶ አብልቶናል" አሉ። "ሚስቱ ዘሀራ ድስታችንን በእጇ እንኳ አልነካችም። ዛሬ እኔ እነሱን ጦማቸውን ልመልሳቸው? በምን ዓይኔ ልያቸው?"

"እማዬ፣ እኔ እኮ..."

"ሶስናም አትወጣም! ያልበላ ሽማግሌ አይመርቅም። ሳትመረቅ ከዚህ ቤት የወጣች ሙሽራ ደግሞ የለችም።"

ሶስና አባቷን ቀና ብላ አየችው። ውጭ የሙሽራው መኪኖች ተሰልፈው ጥሩንባቸውን ያንባርቃሉ። ደምሰው ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

"ቆይ፣ ደሴ እደውላለሁ። ከእስላም ሆቴል ጥሩ ምግብ በመኪና..."

"ምነው፣ ከጅዳ አታስመጣም?" አሉ ወይዘሮ አንጓች።

ደምሰው ስልኩን መልሶ ከተተ። አፈረ፤ ከልጅነቱ ወዲህ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ወጥቶ፣ በዚያ ሁሉ እንግዳ መካከል አልፎ፣ ከዋርካው ሥር አያ ሙሄ እግር ላይ ወደቀ።

"አያ ሙሄ፣ አጠፋሁ። በሬያችሁን አሳረድኩባችሁ። ለእኔ ሳይሆን ለእናቴ ሲሉ አንድ ነገር ያድርጉልኝ።"

"ተነስ፣ ተነስ፣ ሱሪህ ይቆሽሻል" አሉ አያ ሙሄ ክንዱን ይዘው። "ይልቅ አንድ ነገር ንገረኝ። እኛ እዚህ ቤት እንግዶች ነን ወይስ ባለቤቶች?"

"ባለቤቶች ናችሁ። ሌላ ምን ልል እችላለሁ?"

"ታዲያ ይሄን ትናንት ብትለን ምን ነበረበት! በል አሁን ዞር በልልን፤ ሥራ አለብን። ዘሀራ! ድስቶቹን!"

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ደምሰው ቆሞ ከማየት በቀር ምንም አላደረገም። አያ ሙሄ ለበዓል ያደለቡትን ወይፈን ከበረታቸው አስወጡ። አንዱ ፍየል፣ ሌላው በግ እየጎተተ መጣ። ያ ትናንት የተመለሰ ምሰሶ እንደገና መጥቶ ተተከለ፤ ቅጠሉም ከላዩ ተጣለ። እትዬ ዘሀራ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሴቶቹን ወዲያ ወዲህ ያዟቸዋል፤ ይሄኛው እሳት ይነሣ፣ ያኛው ይጨመር፣ ብርዙ ለሽማግሌዎቹ ይቅደም። ወይዘሮ ፈለቀች ሳይቀሩ ሥራ ፈትተው መቆሙ አላስችል ብሏቸው ሽንኩርት ሊልጡ ገቡ። "ልጣጩን ወደዚያ!" እየተባሉ እንደ ልጅ ይታዘዙ ነበር። ፓፒዮን ያሰሩት አስተናጋጆች ደግሞ ሰብሰብ ብለው ያያሉ፤ እዚያ ዳስ ውስጥ ቦታቸው የት እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም።

ጀንበሯ ዘንበል ስትል የጥብሱ ሽታ መንደሩን ሞላው። አያ ሙሄ "ቢስሚላህ" ብለው እጃቸውን ሰደዱ፣ ሰፈሩም ተከተለ። ደምሰው ያን ሲያይ እንባው መጣ፤ እንዳይታይበት የድንኳኑን ገመድ የሚያጠብቅ መሰለ። ወይዘሮ አንጓች ሶስናን በእጃቸው ይዘው ከቤት ወጡ። መጀመሪያ ቄሱ፣ ቀጥለው አያ ሙሄ መረቋት። "ውለጂ፣ ክበጂ፣ ቤትሽ እንግዳ አይጣ" አሏት። አሮጊቷ አሜን ሲሉ ድምፃቸው ከሁሉ በላይ ተሰማ።

ይህን ሁሉ አቶ ኅሩይ ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ሲመለከቱ ነበር። ነገሩን ማንም አልነገራቸውም፤ የፕሮግራሙ ክፍል ነው ብለው አስበዋል። ደምሰውን ወደ ዳሱ ዳር ጠጋ አደረጉት።

"አቶ ደምሰው፣ እነዚያን አስተናጋጆች ከአዲስ አበባ እንዳመጧቸው ነግረውኛል። እነዚህን ደግሞ ከየት አገር አመጧቸው? ይህን ሁሉ በአንድ አፍታ! ሁለተኛው ልጄም ሊያገባ ነው፤ እባክዎ ስልካቸውን ይስጡኝ።"

አያ ሙሄ እጃቸውን እየተጣጠቡ ሰምተው ኖሮ በሳቅ ፈረሱ።

"ጌታዬ፣ እኛም አንድ ዓመት ከቆላ ያማረ በሬ ገዝተን ነበር። እዚህ መሬት ሥሩን የሰደደውን ሰርዶ ሲያየው ሞፈር ሰብሮ ተኛብን። ከዚያ ወዲህ ሩቅ አንሄድም፤ ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ።"