የሌለው ባል

ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት አፋፍ ላይ፣ ወደ ባሕሩ የሚወርደው መንገድ መሀል ለመሀል የሚያልፍባት፣ ስሟን እዚህ መጥራት የማያስፈልግ አንዲት የቆየች ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሸህ አብራር የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። አርባ ዓመት በመስጂዱ ኪታብ እያስተማሩ አቅርተዋል፣ የተጣላ አስታርቀዋል፣ የሞተ አጥበው ቀብረዋል። ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ግን ኒካህ በማሰር ነበር። እሳቸው ያሰሩት አይፈታም ይባል ነበር፤ ምክንያቱም አይቸኩሉም። ልጅቱን ከአባቷ ለይተው፣ በሩ ገርበብ ባለ ክፍል ውስጥ፣ «ልጄ፣ ወደሽ ነው? ካልወደድሽ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ እላለሁ፤ አንቺን የሚነካሽ የለም» ይሏታል። እሺታዋን ከአፏ ሳይሰሙ አይወጡም። ከዚያ የአባቷንና የሙሽራውን ቀኝ እጅ አጨባብጠው፣ ነጭ ሻሽ አልብሰው፣ ቃሉን ያስብላሉ።

በዚያ ዘመን ልጃገረዶች ወደ ባሕሩ ማዶ መጉረፍ ጀምረው ነበር። ዝናብ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሸህ አብራር መንገዱን አልወደዱትም። አንድ ጁምዓ ሚንበር ላይ ወጥተው፣ ሴት ልጅ ያለ ባል ወይም ያለ መህረም፣ ያለ ቅርብ ወንድ ዘመድ፣ ያን ያህል አገር አቋርጣ መሄዷ ሐራም ነው አሉ። ተሰሙ። አባቶች ልጆቻቸውን ከጭነት መኪና ላይ እየጎተቱ አወረዱ። ዓመት ሙሉ መንገዱ ጭር አለ።

ከዚያ ፈድሉ መጣ። ፈድሉ በልጅነቱ የሸህ አብራር ደረሳ የነበረ፣ የኒካህን ምዕራፍ ከእሳቸው ፊት ተቀምጦ የቀራ ሰው ነው። በኋላ በባሕሩ ዳርና በከተማዋ መሀል የሚመላለስ ነጋዴ ሆነ። እጃቸውን ስሞ ተቀመጠ።

«ሸሃችን፣ ያን ጁምዓ ያሉት ሐቅ ነው። ያለ ባል አይሆንም። ማዶ ደግሞ ሚስት ያጡ፣ ዲን ያላቸው ሰዎች አሉ። ወኪል አድርገውኛል፤ ይኸው ወረቀቱ። አንቱ ኒካሁን ይሰሩላቸው፤ ልጆቹም በሐላል ይሂዱ።»

ሸህ አብራር ወረቀቱን አዩት። ስም አለበት፤ ማኅተም አለበት። ሰው በወኪል ማግባቱ ሸሪዓው የሚያውቀው ነገር ነው። ያስተማሩት ልጅ ቃላቸውን ይዞ በመመለሱ ደስታቸው እንባ ሊሆን ምንም አልቀረው። በሦስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች ዳሩ። በሙሽራው እጅ ፈንታ የፈድሉ እጅ ከሻሹ ሥር ገባ። ከተማዋም እልል አለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ሸህ አብራር ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ አንዲት ሴት መጥታ ፊታቸው ቆመች። ጉንጮቿ ገብተዋል፣ አንድ እጇ በደንብ አይታጠፍም። ሸሁ አላወቋትም።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የማን እንደሆንኩ ይተዉት። ከአሥራ አንዱ አራተኛዋ ነኝ። ጦይባ ነኝ።»

ሸሁ በርጩማቸውን ለቀቁላት። እሷ መሬት ተቀመጠች።

«አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን በሰላም ገባሽ። ባልሽስ?»

«የቱ?»

ሸሁ ቀና ብለው አዩዋት።

«አጭር ነው ረጅም ነው ብለው አይጠይቁኝም? አራቱም ቁመታቸው ይለያያል» አለች፤ ሳቅ የሚመስል ነገርም ከአፏ ወጣ። «አንቱ ያነበቡትን ስም ጠርቶ አንዱ ተቀበለኝ። ባሌ ነው ብዬ ተከተልኩት። ዓመት ሙሉ በር ቆልፎብኝ ቤቱንም እሱንም ሳገለግል ኖርኩ። ከዚያ ሌላው መጣ። እሱም ያንኑ ስም ጠራ። 'ባልሽ እኔ ነኝ፣ ያ ወንድሜ ነበር' አለኝ። ሦስተኛውና አራተኛው መዋሸትም አላስፈለጋቸው። ስሙን ብቻ ይጠራሉ፤ እኔ እነሳለሁ።»

ሸህ አብራርም ወርደው መሬት ተቀመጡ።

«ይህን ልነግርዎ አልመጣሁም» አለች ጦይባ። «ስንወርድ በረሃው ላይ መኪናው ቆመ። ቀትር ነበር። ጠባቂዎቹ ጥላ ሥር ተጋድመዋል። ከሌላ አገር የመጡ ስድስት ልጆች ነበሩ፤ ኒካህ የላቸውም፣ ለሥራ ብለው ነው የወጡት። ጠርጥረው ሊሮጡ ተነሱ። ጀሪካኑን አንስተው 'ነይ ጦይባ' አሉኝ። እኔ ባለ ትዳር ነኝ አልኩ። ባሌ ሳይፈቅድ የት እሄዳለሁ አልኩ። አንቱ የመከሩኝ እኮ እንዲያ ነው፤ የባል ሐቅ ብለው።»

«ልጆቹስ?»

«ቤታቸው ናቸው። ስመለስ በአገራቸው ሳልፍ ሁለቱን ገበያ ላይ አገኘኋቸው። አግብተው ወልደዋል።»

ሸሁ ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ባንቺ ላይ ወንጀል የለም። ተታለሽ ነው፤ አላህ ያውቃል። ያ ኒካህ አልነበረም» አሏት።

«እንግዲያ ምን ነበር?»

አርባ ዓመት ያቀሩባቸው ኪታቦች ውስጥ በዚያች ሰዓት ለዚህ ስም አላገኙለትም።

በሦስተኛው ቀን፣ ጁምዓ፣ ደግሞ የይመርን ልጅ የሰአዳን ኒካህ ሊያስሩ ቀጠሮ ነበራቸው። ሙሽራው ማዶ ነው። ወኪሉ ፈድሉ ነው።

«ለጀመዓው መስጂድ ላይ ልናገር?» ብለው ጦይባን ጠየቋት።

«ይናገሩ። ስሜን ግን አይጥሩ። እናቴ ጎረቤት አላት።»

ሐሙስ ዕለት ፈድሉን አስጠሩት። አልካደም፤ አላፈረምም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

«ምስክርዎ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቱ ባሕሩን አይተውት አያውቁ። ሸሃችን፣ ነገ ተነስተው ኒካሁ ባጢል ነው፣ ከንቱ ነው ቢሉ የሚዋረደው ማን ነው? አሥራ አንድ ቤት ነው። ማዶ የወለዱትስ ልጆች የማን ይባሉ? የሙስሊምን ነውር የሸፈነ አላህ ነውሩን ይሸፍንለታል ብለው ያስተማሩን አንቱ አይደሉ?»

ሸህ አብራርን የወጋቸው ውሸቱ አልነበረም። እያንዳንዱ ቃል የራሳቸው ነበር፤ አነጋገሩ፣ የድምፁ አወራረድ ሳይቀር የእሳቸው። ልጁ ምንም አልረሳም። የተማረውን ሁሉ ሠርቶበታል።

«የምትሸፍነው የተሰወረን ኃጢአት ነው» አሉት በመጨረሻ። «ይሄ ገና እየተሠራ ነው።»

«እንደወደዱ» ብሎ እጃቸውን ስሞ ወጣ።

በማግሥቱ ከሶላት በኋላ ሸህ አብራር ሚንበሩ ላይ አልወጡም። ከሰዎቹ ፊት ወለሉ ላይ ቆሙ።

«ጀመዓ፣ ስሙኝ። አሥራ አንድ ልጆቻችሁን በዚህ ምላሴ ሸጬአለሁ። ልጅቱ እሺ ማለቷን እጠይቅ ነበር፤ ባልየው መኖሩን አልጠየቅሁም። ባልየው የለም። ስም ብቻ ነው። ፈድሉ ያንን ስም እየሰጠ ልጆቻችሁን ለባዕድ ያስረክባል። አውፍ በሉኝ፤ ይቅር በሉኝ። ልጅ ያላችሁ ልጃችሁን ያዙ። የሄዱትንም አብረን እንፈልግ።»

ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ «የኔ ልጅ ደህና ናት! ባለፈው ወር በስልክ አናግራኛለች!» ብሎ ጮኸ።

«ምን አለችህ?»

«አልቅሳ... ናፍቆት ነው። ናፍቆት ነው እንጂ!» ሰውየው ዙሪያውን አየ፤ የሚያጸናለት ሰው የፈለገ ይመስል።

«ምስክር ያምጡ!» አለ ሌላው። «የሰው ቤት ዝም ብሎ አይፈርስም!»

ሸህ አብራር የጦይባን ስም ምላሳቸው ላይ ያዙት፤ መልሰውም ዋጡት። «ምስክሩ እኔ ነኝ» አሉ። «ያሰርኩት እኔ ነኝና።»

ያን ጊዜ ፈድሉ በትሕትና ተነሳ። «ጀመዓ፣ በሸሃችን አትቆጡ። እርጅና ነው። ደክመዋል። ይልቅ አላህ አፊያቸውን እንዲመልስላቸው ዱዓ እናድርግ።» እጆች ሁሉ ተዘረጉ። መስጂዱን የሞላው አሚን በእሳቸው ላይ ወረደ፤ እሳቸውም መሀሉ ቆመው ሰሙት።

ከዐስር በኋላ ይመር ሰአዳን አስከትሎ መጣ። ዓይናቸውን ላለማየት አጎንብሷል።

«ሸሃችን፣ ቀጠሯችን ዛሬ ነበር።»

«አላስርም፣ ይመር። ልጅህን ይዘህ ቤትህ ግባ።»

«ቤቴ ምን አለ? ታች ከተማ ያለው ሸህ ያስራል።»

«ያስራል» አሉ ሸሁ። ይህን ያውቁ ነበር።

ሰአዳ ከአባቷ ኋላ ብቅ አለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እጇ ላይ ሂናው ገና አልደረቀም። «አባባ፣ ኒካሁ ይቅር፤ ዱዓ እንኳ ያድርጉልኝ።»

«ዱዓ አይደለም የምሰጥሽ። ስሚኝ ልጄ። የባልሽን ስም ጠርቶ የሚመጣ ሰው ባልሽ አይደለም። ለመሮጥ የሚመች ቦታ ካገኘሽ ሩጪ። ማንንም አታስፈቅጂ። በዚህ ነገር ቂያማ ዕለት የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ሰአዳ አፏን በሻርፗ ሸፍና ሳቀች። «ባሌን ትቼ? ውይ አባባ! ሰው ምን ይለኛል?»

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ወረደ። ሸህ አብራር መንገዱ ላይ ቆመው ነበር። ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋባቸው፤ ሁለት ወጣቶች በክብር ክንዳቸውን ይዘው ወደ ዳር አወጧቸው። ሰአዳ ከላይ ሆና እጇን አውለበለበችላቸው።

ከዚያ በኋላ ማንም ኒካህ ይሰሩልኝ ብሎ ወደ እሳቸው አልመጣም። አሥራ አንዱን ቤት እየዞሩ አውፍ በሉኝ አሉ፤ ሦስቱ በር ከፈቱ። የጦይባ እናት ካልከፈቱት አንዷ ነበረች። ጦይባም ብዙ አልቆየች፤ ጎረቤት ሰላምታ ሲነፍጋት፣ ማንም ወደማያውቃት ከተማ ሄደች አሉ። ሸሁ ግን በየገበያው ቀን መንገዱ ዳር እየተቀመጡ፣ ለምትወጣ ልጅ ሁሉ ያንኑ ይናገሩ ነበር። ብዙዎቹ ይስቃሉ። አንድ ጊዜ አንድ አባት ልጁን አወረደ፤ በሳምንቱ መልሶ አሳፈራት። ከሰአዳ ምንም አልተሰማም። አባቷ ይመር ለጠየቀው ሁሉ «ተመችቷታል» ይል ነበር፤ በኋላ ግን ሰው ባለበት መቀመጥ ተወ።

ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሸሁ አልጋ ላይ በወደቁበት ሰሞን፣ እሳቸውን የተካው ወጣት ኢማም ሊጠይቃቸው ገባ። አዝኖላቸው ነበር።

«ሸሃችን፣ ተውበት አድርገዋል። በሰው ፊት ራስዎን ከሰዋል። አላህ መሓሪ ነው። ለምን እንዲህ ራስዎን ይጎዳሉ?»

ሸህ አብራር ዓይናቸውን ሳይገልጡ መለሱለት።

«አላህ ይምረኝ ይሆናል። ሰአዳ ግን ገና እዚያው ናት።»

ከዚህ ሌላ አልተናገሩም፤ በዚያው ሳምንት ወደ አኼራ ሄዱ።

ይህን ቃል ያኔ የሰሙት የሽማግሌ ኀዘን ነው ብለው አለፉት። ነገሩ ግን የዲን ነገር ነው። በእኛና በጌታችን መሀል ላለው በደል በሩ ክፍት ነው፤ መጸጸት፣ መተው፣ ላለመመለስ መቁረጥ። የሰው ሐቅ ሲሆን ግን አራተኛ ነገር ይጨመራል፤ ሐቁ ለባለቤቱ ይመለስ። እኛ ሦስቱን በእንባ ፈጽመን፣ አራተኛዋ ላይ ስንደርስ አላህ መሓሪ ነው እንላለን። መሓሪነቱ እውነት ነው። ልጅቱ ግን የተቆለፈባት በር እኛ በማልቀሳችን አይከፈትላትም።

ደላላው ብቻውን አንዲትም ልጅ አላሻገረም። ዓሊሙ አሰረ፣ አባትየው መረቀ፣ እኛ ሴቶቹ ሂና ቀብተን እልል አልን። ስትመለስ ደግሞ በር የዘጋነው እኛው ነን፤ በር ባንዘጋ ኖሮ ጦይባ ስሟን ይዛ በቆመች፣ ጀመዓውም ምስክር በሰማ ነበር። ባልየው ማን ነው፣ ቤቱ የት ነው፣ ማን አይቶታል ብሎ መጠየቅ ዕውቀት የሚጠይቅ ነገር አልነበረም። ነውር መሰለን እንጂ።

ሸህ አብራር ዘግይተው ጠየቁ፤ መዘግየታቸውንም አልደበቁም። እኔ ይህን ታሪክ የምጽፈው እሳቸው አዳኑ ብዬ አይደለም፤ አላዳኑም። ዛሬም በየከተማችን አንድ የሞተ ሲኖር ምን እንደምናደርግ እናውቃለን፤ እናጥበዋለን፣ እንሰግድበታለን፣ አፈር እናለብሰዋለን። የተሸጠችውን ግን ምን እንደምናደርጋት አናውቅም። ስለዚህ ተመችቷታል እንላለን።