አህያዋ ያኖረችው ድንጋይ

አንድ ጊዜ፣ ከመስኩ ወደ ወንዙ የምትወርድ አንዲት መንገድ ብቻ በነበረችበት አገር፣ እንስሳት ሁሉ በእርሷ ወርደው ጠጥተው በእርሷው ይመለሱ ነበር። መንገዷ እስከ ገደሉ አጋማሽ ደህና ናት። እዚያ ግን አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ትጠብና ትታጠፋለች፤ ከላይ የሚመጣው ከታች የሚመጣውን አያየውም። ስለዚህ ከአባቶች የቆየ ልማድ ነበር። መታጠፊያው ላይ የደረሰ ሁሉ ይቆምና «ማነህ ከወዲያ?» ብሎ ይጣራል። ከወዲያ «እኔ ነኝ!» የሚል ካለ፣ ቀድሞ የደረሰው ያልፋል፤ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። በዚያች መንገድ ላይ መናከስም በአንበሳ ትእዛዝ ክልክል ነው። አያ ጅቦ እንኳ ምራቁን እየዋጠ ያልፍ ነበር።

ለአቅመ ደካማ ሽማግሌዎች ውኃ በቅል እየጫነች የምታወጣ አንዲት አህያ ነበረች። ውርንጭላዋ ገና ጡት አልተወም፤ ገደሉንም መውረድ አይችልም። ስለዚህ ከሾላው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ባለችው ሣር ላይ ትታው ትወርዳለች። እሷ ስትወርድ እሱ ያለቅሳል። እናቱ የሞተችበትና እናቱ ወንዝ የወረደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባል የለ! ስትመለስ ሾላው ሥር ቆማ «ማነህ ከወዲያ?» ትላለች። ያኔ ውርንጭላው ድምፅዋን ይሰማና ዘልሎ ይመጣል። ሌሎቹ እስኪያልፉ እሷ ትጠብቃለች፣ እሱ ይጠባል።

አንድ በጋ ግን ምንጩ ሁሉ ደረቀና አገሩ በሙሉ ወደዚያች መንገድ ጎረፈ። መታጠፊያው ላይ ግፊያ ሆነ። በጎቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ዋሉ፤ አንድ ሽማግሌ በግ ተራ ሲጠብቅ ወድቆ በዚያው ቀረ። የአንበሳ ደቦሎችም በውኃ ጥም አለቀሱ። አንበሳ የደቦሎቹን ለቅሶ ሲሰማ ሁሉንም ለጉባኤ ጠራ።

እመት ቀበሮ የመንገድ ሹም ለመሆን ከጓጓች ቆይታለች። ወዲያው ብድግ ብላ ከአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሁለት እንቅብ ሰቀለች።

«ጌታዬ፣ መንገድ በለቅሶ አይሠራም፤ ይመዘናል» አለች። «ሾላው ቢቆረጥ፣ መታጠፊያው ቢቀና፣ መንገዱም ቢሰፋ የሚጠቀም በቀኙ እንቅብ ድንጋይ ያኑር። የሚጎዳ በግራው። የከበደው ይፍረድ።»

«ይህስ ደግ ፍርድ ነው» አለ አንበሳ።

በጎቹ «ፀሐይ አናታችንን በላን!» እያሉ በቀኙ አኖሩ። አያ ጅቦ ጭንቅላቱን የሚያህል ድንጋይ እየገፋ መጣ።

«አንተን ምን ይጠቅምሃል?» አለችው ቀበሮ።

«እኔ ምን አውቄ! ብቻ ከወንዙ ማዶ ጥንብ ሲሸተኝ መቆም አልወድም።»

ሁሉም ሳቁ። ቀጥላ አህያ ቀረበች።

«ጀርባዬ ተላጠ፣ ጌታዬ» አለች። «ሸክም ይዞ ከመሄድ ሸክም ይዞ መቆም ይብሳል። እንደኔ ያን መታጠፊያ የጠላ የለም።» ይህን ስትናገር ውርንጭላው በእግሮቿ መሀል ገብቶ ይጠባ ነበር። ልብ ያለው ግን የለም፤ እሷም ልብ አላለችም። ድንጋይዋን በቀኙ እንቅብ አኖረች።

ወደ ግራው እንቅብ ርግብ ብቻ ቀረበች። «ጎጆዬ ሾላው ላይ ነው» አለች እያፈረች። ቀበሮም «ጎጆ ሌላ ዛፍ ላይም ይሠራል» አለችና ጠጠር ጣለችላት። የቀኙ እንቅብ መሬት ነካ።

ኤሊ የደረሰው ይኼኔ ነው። ቤቱ ከመንገዱ ዳር ነበር፤ ለጉባኤው የተነሣው ግን ከሁሉም ቀድሞ ነው።

«ቆዩ እስቲ» አለ እያለከለከ። «በመንገዱ የሚሄደውን ጠየቃችሁ። መንገዱን የሚያቋርጠውንስ? እኔ ከዚህ ዳር ወደዚያ ዳር ስሻገር የሚያድነኝ ያቺ መቆምና ያቺ ጥሪ ናት።»

«አያ ኤሊ፣ አንተ እስክትሻገርማ መንገዱ ራሱ ያረጃል!» አለ ጅብ። ሳቁ እንደገና ተነሣ።

«ሳቁ» አለ ኤሊ። «ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ነገ ሰብሰብ ብለን እንደገና እንመዝን።»

«ሚዛኑ ፈርዷል» አለች ቀበሮ። «ዘግይቶ የመጣ ድንጋይ አይገባም።»

ሾላው ተቆረጠ። ዝሆን አለቱን ገፋ፣ ከርከሮ አፈሩን ቆፈረ፣ መንገዱ ሰፍቶ ቀጥ አለ። ቀበሮም የመንገድ ሹም ሆነችና አወጀች፦ «ከእንግዲህ በዚህ መንገድ መቆምም መጣራትም ክልክል ነው! አንዱ ሲቆም ሁሉ ይቆማልና!»

እውነቱን እንናገር፤ መንገዱ ጠቀመ። በጎቹ ፀሐይ ሳይከር ጠጥተው ይመለሱ ጀመር። የአንበሳ ደቦሎች ጠገቡ። ሽማግሌዎቹ ውኃ በጊዜው ደረሳቸው። አህያም መጀመሪያ ላይ ጀርባዋ አርፎ ደስ አላት።

ውርንጭላዋ ግን ማዶ ሣሩ ላይ ሆኖ እናቱ ስታልፍ ያያታል። እሷም ታየዋለች። ከኋላዋ የሚመጣው ይገፋታል፣ ሹሟ «እለፊ! እለፊ!» ትላለች፣ አህያም ታልፋለች። ሽቅብ ወጥታ፣ ሸክሟን አራግፋ፣ ዞራ እስክትመለስለት ውርንጭላው በራብ ይዝላል። ጡቷም ሞልቶ ያማት ነበር። ከስቶ የጎድን አጥንቱ ሲቆጠር እያየች ስንት ቀን ዝም ትበል?

አንድ ቀን ሾላው ከነበረበት ቦታ ስትደርስ እግሯ አልሄድ አላት። ቆመችና በዱሮው ድምፅ ተጣራች።

«ማነህ ከወዲያ?»

ውርንጭላው ያንን ጥሪ ያውቀዋል። እናቱ ስትጣራ አገር ሁሉ ቆሞ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ግራ ቀኙን ሳያይ፣ ጅራቱን አቁሞ፣ በደስታ ወደ መንገዱ ዘለለ።

አያ ጅቦ ከላይ እየሮጠ ይወርድ ነበር። ከወንዙ ማዶ አሞራዎች ሲዞሩ አይቷል፤ ዓይኑም ልቡም እዚያ ነው። ጥሪውን ሰምቶ ነበር። ቢሆንም መቆም ክልክል አይደል? በደረቱ መታውና አለፈ። ምን እንደመታ እንኳ ዞሮ አላየም።

ውርንጭላው አለቱ ላይ ወደቀ። እናቱ እስክትደርስ እግሮቹ መወራጨት ትተው ነበር። ቅሎቹ ከጀርባዋ ተንሸራተው ተሰበሩ፤ ውኃው በመንገዱ ላይ ፈሰሰ። አህያ አንገቷን ደፍታ ላሰችው። ጡቷ ወተቱን ያንጠባጥብ ነበር፤ የሚጠባ ግን የለም።

አያ ጅቦ ጠግቦ ሲመለስ ሕዝቡ ተሰብስቦ አገኘ።

«መንገድ ላይ የሞተ አለ» አለው አንዱ።

«አይ ዕድሌ! እዚሁ አጠገቤ እያለ ማዶ ድረስ ስሮጥ!» አለ ጅብ ከንፈሩን እየላሰ። ቀጥሎ አህያን አያት፣ ከሥሯ የተኛውንም አየ። ደረቱ ላይ የቀረውን የውርንጭላ ፀጉር ሲያይ ነገሩ ቀስ ብሎ ገባው። አፉን ገጠመና ያለወትሮው ጎንበስ ብሎ ሄደ።

አንበሳ እንደገና ጉባኤ ጠራ። እንቅቦቹ እንደተሰቀሉ ነበሩ። ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠራርጋ በግራው እንቅብ አንዲት ጠጠር ጣለች።

«አዝናለሁ» አለች። «ግን ጌታዬ ራስዎ ይዩት፣ ሚዛኑ አልተነቃነቀም። የበጎቹ፣ የደቦሎችዎ፣ የሽማግሌዎቹ ጥቅም አሁንም ይከብዳል። መንገዱ ትክክል ነው።»

በጎቹ መሬት መሬት አዩ። አህያ ወደ ቀኙ እንቅብ ተጠጋች።

«የእኔን ድንጋይ መልሱልኝ» አለች።

«ምን?»

«እዚህ ያኖርኩትን ድንጋይ። ስቆም እኮ ነበር የማጠባው። ጀርባዬን መዘንኩና ጡቴን ረሳሁት። መልሱልኝ፣ ላንሣው።»

«ውሰጂ እንግዲህ» አለች ቀበሮ። «የትኛው ነው ያንቺ?»

አህያ እንቅቡን አየች። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው፤ ሁሉም ይመሳሰላል። አንዱን በአፍንጫዋ ገፋ አደረገች፣ ሌላውን አሸተተች፣ ከሥር ፈለገች፣ ከዳር ፈለገች። በጎቹ አብረዋት ሊፈልጉ መጡ። አልተገኘም። ያን ጊዜ አንበሳ ፊቱን አዞረ፤ እንባውን ያየችው ርግብ ብቻ ናት።

ኤሊ እንደልማዱ ዘግይቶ ደረሰ። አሁን የሳቀበት የለም።

«አባባ ኤሊ፣ ምን እናድርግ?» አለው አንበሳ።

«መንገዱ ይኑር፣ ጌታዬ፤ የተጠማ አለና። ግን መቆሚያ ይኑረው። ሾላውም ይተከል።»

«እሺ፣ ይሁን።»

ጥሪው ተመለሰ። ሾላውም ተተከለ፤ ሾላ ግን በአንድ ክረምት ጥላ አይሆንም። ዛሬም አህያ ውኃ ጭና ስትወጣ ከችግኙ አጠገብ ትቆማለች። «ማነህ ከወዲያ?» ትላለች። በጎች ይቆማሉ፣ አያ ጅቦም ሳይቀር ይቆማል። ከወዲያ ማዶ፣ ከሣሩ በኩል፣ የሚመልስላት የለም። እናቱ የሞተችበትና እናቱ ወንዝ የወረደችበት እኩል ያለቅሳሉ ያሉት አባቶች፣ ከወንዝ ስትመለስ ልጇን ላጣች እናት ያስቀመጡላት ተረት የለም።

ከዚህ የምንማረው፣ መንገድ ልናቀና ጥቅምና ጉዳቱን ስንመዝን በመንገዱ ለሚሮጡት ብቻ ሳይሆን መንገዱን ለሚያቋርጡትና ለጉባኤው ለማይደርሱት ደካሞችም አስቀድመን ድንጋይ ማኖር እንዳለብን ነው፤ ሚዛን ከፈረደ በኋላ ያኖሩትን ድንጋይ ለይቶ ማንሣት አይቻልምና።