የበቅሎ ነጋዴው የመታከሚያ ሳጥን

አንድ በቅሎ ነጋዴ ነበረ። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከተማው ከረሳው ቆይቷል፤ ሁሉም አባ ጠርጥር እያለ ነው የሚጠራው። እሱም በስሙ አይከፋም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት አያቱ እንዳወረሱት ርስት በኩራት ይናገረው ነበር። አንድ ሰው በመንገድ ላይ «እንደምን አደርክ?» ቢለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለቱ በፊት፣ ይኼ ሰው ምን ፈልጎ ይሆን ብሎ ያስባል።

መጠርጠሩን አልነቅፍበትም። የበቅሎ ገበያ የዋህ ሰው የሚውልበት ቦታ አይደለም። ያረጀችውን በቅሎ ጥርሷን ሞርደው «ገና ለጋ ናት» የሚሉ አሉ። የደከመችውን ጠላ አጠጥተው የሚያስፈነጥዙም አሉ። አባ ጠርጥር ይህን ሁሉ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ከሁሉም የሚበልጥ ደግሞ የራሱ ዘዴ ነበረው። ለሽያጭ የቀረበችን በቅሎ ሲያስኬዳት እግሯን ትቶ ዓይኗን ያያል።

«ስታነክስ የተመታች በቅሎ ማነከሷን ትደብቃለች» ይላል። «ጌታዋ ፊት ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ከመርገጧ በፊት ግን ዞር ብላ እሱን ታያለች። እንዲህ ያለችውን አትግዛ። መታመሟን የምታውቀው የወደቀች ቀን ነው።»

በዚያ ከተማ አንድ የፈውስ ቤት ነበር፤ የሚመሩትም አንድ ሽማግሌ ሐኪም ነበሩ። ሰዉ በታመመ ቁጥር በሬውን እየሸጠ ሲታከም፣ ከዳነ በኋላም በድህነት ሲማቅቅ አይተው አዘኑ። ከከተማው ሽማግሎች ጋር መክረውም ሁለት ዓይነት መዋጮ አወጡ። ትልቁን መዋጮ የመረጠ ሰው በየወሩ ብዙ ያዋጣል፤ ሲታመም ግን የሚጠየቀው ጥቂት ነው። ትንሹን የመረጠ በየወሩ ጥቂት ያዋጣል፤ ሲታመም ግን እስከ አንድ ልክ ድረስ ከራሱ ይከፍላል። ያንን ልክ «ደፍ» አሉት። ወጪው ደፉን ካለፈ የቀረውን የፈውስ ቤቱ ይችላል።

ትንሹን መዋጮ ለመረጠ ሰው ደግሞ ቁልፍ ያለው ሳጥን ይሰጠዋል። በየወሩ የተረፈውን እዚያ ውስጥ ያጠራቅምና ሲታመም ይታከምበታል። ሳጥኑ ውስጥ ከገባው ገንዘብ ንጉሡ ግብር አይቆርጡም። ዘንድሮ ያልተነካው ለከርሞ ይተርፋል። ለሌላ ጉዳይ ያወጣው ሰው ግን ግብሩን ከነመቀጮው ይከፍላል።

ኮርቻ ሰፊው ብቻውን የሚኖር ጤነኛ ሰው ነበርና ወዲያው ሳጥኑን ወሰደ። ልጆቹ አስም የሚያሰቃያቸው ሸማኔ ትልቁን መዋጮ መረጠ። አባ ጠርጥር አንዱንም ሳይመርጥ ሰነበተ። እንዲህ ያለ ደግ ነገር ውስጥ የሆነ ቦታ ተንኮል መኖር አለበት ብሎ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና፣ በመጨረሻ ሐኪሙን ሊመረምራቸው ሄደ።

«ግብር የሚምር ንጉሥ አይቼ አላውቅም» አላቸው። «ነገሩ ወዴት ነው?»

«በሬውን ሽጦ የታከመ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ምን አርሶ ይገብራል?» አሉት ሐኪሙ። «ንጉሡም ለራሳቸው ነው።»

መልሱ ልክ ስለሆነበት አባ ጠርጥር ይብሱን ጠረጠረ።

«ደፉንስ ነገ ተነሥታችሁ ከፍ ብታደርጉት?»

«በየዓመቱ ሊለወጥ ይችላል፤ አልዋሽህም። ሲለወጥ ግን አስቀድመን እንናገራለን። ያልተስማማው ወደ ሌላው መዋጮ ይዞራል።»

«ሳጥኑ ሳይሞላ ብታመምስ?»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ዛሬ ከመጣው ሰው ሁሉ ይህን የጠየቅኸኝ አንተ ብቻ ነህ። ያን ጊዜ ከሌላ ገንዘብህ አውጥተህ ትከፍላለህ። ሌላ ገንዘብ የሌለህ እንደሆነ ሳጥኑ ይቅርብህ።»

«አለኝ።»

«እንግዲያው እኔም በተራዬ ልጠርጥርህ። ቤትህ ውስጥ “አመመኝ” የሚል ሰው ምን ይገጥመዋል?»

አባ ጠርጥር ቱግ አለ። «ምን ይገጥመዋል? ይታከማል እንጂ!»

«ሳጥኑን የሚከፍተውስ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! የቤቱ አባወራ ሌላ ማን አለና ነው?»

ሐኪሙ ፊቱን አተኩረው አዩት። ከዚያ ሳጥኑን አንሥተው ሰጡት።

አባ ጠርጥር ቁልፉን ከማተቡ ጋር አሰረው። በየወሩ ሳይጓደል ያስቀምጥ ነበር፤ በዚህ ማንም አይወቅሰውም። ሳጥኑ እየከበደ ሲሄድ እሱም እየወደደው ሄደ። ማታ ማታ አንሥቶ ክብደቱን ይለካና መልሶ ያስቀምጠዋል። ትልቁን መዋጮ የሚከፍለውን ሸማኔ መንገድ ላይ ባገኘው ቁጥር «አንተ ለሐኪሙ ትሸምናለህ፣ እኔ ለራሴ አጠራቅማለሁ» እያለ ያሾፍበት ነበር። ሸማኔው ስቆ ያልፋል። ልጆቹ ማታ ይተነፍሳሉ፤ ለእሱ ይበቃዋል።

በክረምቱ የአባ ጠርጥር ሚስት ወይዘሮ ደብሪቱ ወባ ያዛት። ባሏ ሳጥኑን ከፍቶ አሳከማት። አልከለከላትም። ግን ከሳጥኑ ገንዘብ ሲያወጣ ፊቱ የቀብር ፊት ሆነ። ከዳነችም በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ዘንድሮ እኮ የደብሪቱ ወባ ጉድ አደረገን» እያለ ያወራ ነበር። እሷ ጠላውን ትቀዳለች፣ እሱ ያወራል፣ እንግዳው ከንፈሩን ይመጣል።

ሌላ ጊዜ ራሷን ሲያማት ዓይኑን አጥብቦ አያት። «እውነት ራስሽን ነው? ወይስ የዛሬው እህል መፍጨት ከብዶሽ ነው?» አላት። ጥርሷን ሲያማት «በስተግራ ነው በስተቀኝ?» ብሎ ጠየቃት፤ በማግስቱ ደግሞ መልሷ ይለወጥ እንደሆነ መልሶ ጠየቃት። በቅሎ ሻጭን የሚጠይቀው እንዲህ ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ የዚያን ቀን «ተሻለኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ ምንም አሟት አያውቅም። አባ ጠርጥርም ሳጥኑን ሲመዝን «እግዜር ይመስገን፣ ቤታችን ጤና ሆነ» ይል ነበር። ይህን ሁሉን የሚጠረጥር ሰው፣ ሚስቱ በድንገት እንዲህ ጤነኛ መሆኗ ብቻ አላስጠረጠረውም።

አንድ ቀን ወይዘሮ ደብሪቱ የበረቱን አጥር ስትዘጋ የበሰበሰ እንጨት ረገጠችና ስንጥር ተረከዟ ውስጥ ገባ። ጫፉን ነቀለችው፤ ግማሹ ተሰብሮ ውስጥ ቀረ። ለባሏ አልነገረችውም። በጨው ውሃ አጠበችው፣ ፌጦ አሰረችበት፣ ጫማዋን በላዩ አደረገችበት። እግሯ እየቆየ አበጠ። ባሏ ከቤት ሲወጣ ግድግዳ ተደግፋ ታነክሳለች፤ ድምፁን ከደጅ ስትሰማ ቀጥ ትላለች። እንጨት ለቅማ፣ ውሃ ቀድታ፣ እንግዳ ተቀብላ ታድራለች። ሕመሙ ሲጸናባት ሳጥኑ ወዳለበት ጥግ ታይና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ስለዚህች ሴት ሳስብ እናደዳለሁ፤ ተራኪ መናደድ የለበትም ካላችሁ ይቅር በሉኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሻጭ የምታምር ዳማ በቅሎ ይዞ ወደ አባ ጠርጥር ግቢ መጣ። ዋጋውን ሲጠራ ረከሰ፤ አባ ጠርጥርም ጆሮው ቆመ።

«እስቲ አስኪዳት» አለ።

ሻጩ በቅሎዋን በግቢው ዙሪያ አስኬዳት። ቀጥ ብላ ሄደች። እንከን የሚባል የላትም። አባ ጠርጥር ግን ዓይን ዓይኗን ሲያይ ቆይቶ ከት ብሎ ሳቀ።

«ወንድሜ፣ ይዘሃት ተመለስ። ይህች ታነክሳለች።»

«ምኑን አነከሰች? ዓይንህ እያየ!»

«አላነከሰችም፤ ደበቀችህ እንጂ። ኮረቱ ላይ ከመርገጧ በፊት አንተን አየችህ። የሚያማት ነገር ያላት በቅሎ ናት ጌታዋን የምታይ። ስታነክስ መትተሃታል።»

ሻጩ አፈረና አንገቱን ደፋ። አባ ጠርጥር በድሉ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ዞሮ ተጣራ። «ደብሪቱ! ለእንግዳው ጠላ አምጪለት፤ ምንም ሊያታልለኝ ቢመጣ እንግዳ ነው!»

ወይዘሮ ደብሪቱ ጠላውን ይዛ ብቅ አለች። ከቤቱ ደፍ ወደ ግቢው መውረድ ነበረባት። እግሯን አነሣች። ከመርገጧ በፊት ግን ቀና ብላ ባሏን አየችው። ከዚያ ቀጥ ብላ ወረደች።

አባ ጠርጥር ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ስንት ዘመን ሌላውን ሲያስተምርበት የኖረው ያ አስተያየት፣ በገዛ ሚስቱ ዓይን ውስጥ ነበረ። ሻጩን ረሳው። ሮጦ ጠላውን ተቀበላትና በርከክ ብሎ ጫማዋን አወለቀ። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጠቁሮ ነበር።

ሊያታልለው በመጣው ሰው በቅሎ ላይ አስቀምጧት ወደ ፈውስ ቤቱ ከነፈ። ሳጥኑን በብብቱ ይዟል። ሐኪሙ ጎንበስ ብለው እግሯን መረመሩ።

«የተወጋች ዕለት ብትመጣ ስንጥሩን በወረንጦ ነቅዬ፣ ቁስሉን አጥቤ እሸኛት ነበር» አሉ። «ዋጋውም ከአንድ ዶሮ አይበልጥም። አሁን ግን ነፍሷን ለማትረፍ እግሯን መቁረጥ አለብኝ።»

«ገንዘብ አለ! ሳጥኑ ሙሉ ነው!» አለ አባ ጠርጥር፤ ቁልፉን ከማተቡ ላይ በጥሶ።

«ሙሉ መሆኑን አውቃለሁ» አሉ ሐኪሙ።

ነፍሷ ተረፈች፤ እግሯ ተቆረጠ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ እስከ ደፉ በቃ። ከዚያ በላይ የመጣውን ወጪ ሁሉ የፈውስ ቤቱ እንደ ቃሉ ቻለ። ንጉሡም ግብር አልጠየቁም። አባ ጠርጥር ሲፈልገው የኖረው ተንኮል የትም አልነበረም።

ወይዘሮ ደብሪቱ ስትነቃ ባሏ ከአልጋዋ ሥር ተቀምጦ ያለቅስ ነበር።

«ምነው ሳትነግሪኝ? ከልክዬሽ አውቃለሁ?»

«አልከለከሉኝም» አለችው። ሁልጊዜም አንቱ ነበር የምትለው። «ሳጥኑን ሲከፍቱ ግን ፊትዎን አይቻለሁ። ያንን ፊት ዳግመኛ ከማይ ሕመሙ ቀለለኝ።»

ዓመቱ ዞሮ መዋጮ የሚመረጥበት ወቅት ሲደርስ አባ ጠርጥር ሐኪሙ ዘንድ ሚስቱን ይዞ ሄደ። እሷ በምርኩዝ፣ እሱ ከኋላዋ። «ዘንድሮ የምትመርጪው አንቺ ነሽ» አላት።

«ትልቁን ነው የምመርጠው» አለች ወይዘሮ ደብሪቱ።

አባ ጠርጥር ከልማዱ የተነሣ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። «ሳጥኑ ግን…»

«ሳጥኑ ምንም አላጠፋም» አለችው ረጋ ብላ። «ኮርቻ ሰፊው ጥርሱን ባመመው ዕለት ከፍቶ አስነቀለ፤ ሲያፏጭ ነው የተመለሰው። ለእሱ ልኩ ነው። ለእርስዎ ግን አይሆንም። እርስዎ ሳጥኑ ውስጥ የገባውን ፊትዎ ሳይጠቁር ማውጣት አይችሉም።»

አባ ጠርጥር አፉን ዘጋ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ሰምቶ ሳይጠረጥር አመነ።

ወዳጄ፣ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። ለጤናህ ውል ስትመርጥ መጠርጠር ደግ ነው። ደፉ የት እንደሆነ፣ ሳጥኑ ሳይሞላ ብትታመም በምን እንደምትከፍል፣ ነገ ምን ሊለወጥ እንደሚችል አጥብቀህ ጠይቅ። ግን ጥርጣሬህን ከሐኪሙና ከንጉሡ ላይ አንሥተህ አንድ ጊዜ ወደ ራስህ መልሰው። ትንሹ መዋጮ ለማን እንደሚሆን የሚወስነው የሳጥኑ ሙላት ብቻ አይደለም፤ የሚከፍተው ሰው እጅና ፊት ጭምር ነው። ለመታከሚያ የተቀመጠ ገንዘብ ሰው ለማዳን ካልተፈታ፣ ቤተሰቡ ተደብቆ መታመም ይለምዳል።

እንግዲህ አንተም ዛሬ ማታ ቤትህ ስትገባ ልብ ብለህ እይ። ከመርገጡ በፊት ፊትህን የሚያይ ማን ነው?