የእንግዳው ወስፋት

ተረቴን ላውጣ፣ ጆሮ ያላችሁ ተቀበሉኝ። እመት ሽኮኮን የበደላት አያ ከርከሮ ነው፤ ያ ከቆላ ወጥቶ ገደሏ ሥር የሰፈረው።

ከሱ በፊትማ ምን የመሰለ ጊዜ ነበር! ልጆቿ ጥቂት ቅጠል ቀንጥሰው ይጠግባሉ፤ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ፀሐይ እየሞቁ የምንጩን ድምፅ ያዳምጣሉ።

ከርከሮ ግን በልቶ ሳይጨርስ ሆዱ ጉርር ይላል። «እመት ሽኮኮ፣ ኧረ ወስፋቴ ጮኸ!»

ኩሩ ናትና፣ እንግዳ ከደጇ ተርቦ ሄደ እንዳይባልባት ከልጆቿ ድርሻ እየቀነሰች ታበላዋለች። እሱም ጠግቦ ምንጩ ውስጥ ይንከባለላል፤ ልጆቿ ከዚያው ይጠጣሉ።

አንድ ቀን የታናሿ ልጇ ሆድ ጮኸ።

«ምነው፣ አሁን አይደል እንዴ የበላሽው?»

ከልጅቷ ሆድ ቀጭን ድምፅ መለሰ፦ «እኔ ወስፋት ነኝ፣ እመት። በከርከሮ ሆድ መጥቼ በምንጩ ገባሁ። እስከ ዛሬ ያበላሽው እኮ እኔን ነው፤ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው!»

ሽኮኮ ያ ጠግቦ ዝም የሚል ሆድ ናፈቃት። «ቆይ ብቻ፣ መስተንግዶዬን ገና መቼ አየኸው!» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ኮሶ ዛፍ ላይ ወጥታ መራራውን አበባ አወረደች፤ ልጆቿን በባዶ ሆዳቸው አበላች፤ የቀረውን ይዛ ከርከሮ ፊት ቆመችና «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» እያለች እስኪያልቅ አጎረሰችው።