የጭርታ ማለዳ

ጭርታ በምትባለው መንደር ያደረ እንግዳ ሲነጋ ግራ ይገባዋል። የነቃ ሰው ሕልሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ እስኪያስታውስ ዓይኑን አይገልጥም፣ ከተኛበት ጎን አይገላበጥም፤ «እንዴት አደርክ» የሚለውም የለም። የጭርታ ሰው ሕልም አይረሳም ይባላል። እንግዳው በዚህ ይቀናል፤ ነገሩን ቢያውቅ ባልቀና ነበር።

እንደሚነገረው፣ አገሩን ይገዛ የነበረው ፊታውራሪ ደምስ፣ ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ አንቱ አይሉትም፣ አንድያ ልጁ በፈንጣጣ ሞተበት። ልጁ በሕልሙ እየመጣ ያጫውተዋል፤ ሲነቃ ግን ድምፁ እንኳ አይታወሰውም። አንድ መነኩሴ «ሲነቁ ዓይንዎን ሳይገልጡ በተኙበት ጎን ይቆዩ፤ ሕልም ኮሽታ ሲሰማ ይሸሻል» አሉት። ደምስም አውራ ዶሮዎቹን አሳረደ፣ ውሾቹን አስገደለ፤ ፀሐይ ሳትወጣ ድምፅ የተሰማበት ቤት ከነጎረቤቱ እንዲቃጠል አዋጅ አስነገረ። አህያው ያናፋበት ሰው ቤት ከግራ ቀኙ ጋር ሲነድ ሁሉም አየ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት የጎረቤቱ ዘበኛ ሆነ።

ከደምስ አጥር ሥር የምትኖረው ውድነሽ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ አራስ ነበረች፤ ባሏ ዘመቻ ሄዷል። አንድ ማለዳ ሕፃኑን ሆዱን ቆረጠውና አለቀሰ። ጡት ብትሰጠው እምቢ አለ፤ አቅፋ ብትወዘውዘው ባሰበት። ጎረቤቷ በግድግዳው ቀዳዳ «አፍኚው እንጂ፤ ልታስፈጂን ነው?» አለቻት። አማቷም «ለጥቂት ነው ልጄ፤ ፀሐይዋ ልትወጣ ነው» ብላ ነጠላዋን አቀበለቻት። ውድነሽ የነጠላውን ጫፍ በሕፃኑ አፍ ላይ ያዘች። ዝም ሲልላት ደስ አላት። ፀሐይ ወጥታ ነጠላውን ብታነሳው ከንፈሩ ጠቁሯል።

ያን ዕለት ደምስ በሕልሙ የሰማውን የሟች ልጁን ድምፅ አስታውሶ እየሳቀ ወጣ ይባላል። መንደሩን ሰብስቦ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ዛሬስ ዝም አላችሁልኝ» አለ።

ውድነሽ ሬሳውን እንደታቀፈች ፊቱ ቆመች። «ምን አለዎት፣ ጌታዬ?»

«‹አባ› አለኝ።»

«የኔው ገና አፉን አልፈታም ነበር» አለች።

ደምስ ለተዝካሩ ሙክት ሰጣት፤ ለቅሶው ግን ሁልጊዜ ፀሐይ ከወጣች በኋላ እንዲሆን አዘዘ።

ደምስ ከሞተ ስንት ትውልድ አልፏል። ሕልም መያዙን መንደሩ ከእሱ ወርሷል፤ ውድነሽ ያስለመደችው ግን ሌላ ነው ይላሉ። በማለዳ ሕፃን ሲያለቅስ የሰማ ሁሉ፣ ቄስም ይሁን ሽማግሌ፣ የያዘውን ሕልም ጥሎ ይነሳና ወደዚያ ቤት ይሄዳል። ሕፃኑም እስኪበቃው ያለቅሳል፤ ማንም ዝም በል አይለውም።