በቅበላ ማታ የታየች ከተማ

አንድ ጊዜ፣ ሁለት ከተሞች እንደ ጎረምሳ ወንድማማቾች እየተፎካከሩ ያድጉ በነበረበት ዘመን፣ በመካከላቸው ባለች ጉብታ ላይ አያ ጅቦና ሚስቱ እመት ጅቢት ይኖሩ ነበር። ከጉብታዋ በምሥራቅ ዋንዛ በር ነበረች፤ በምዕራብ ደግሞ ሰንበሌጥ። ሁለቱም ትናንት መንደር ነበሩ። ዛሬ ግን ፎቁ እየበዛ፣ አስፋልቱ ግጦሹን እየዋጠ፣ ማታ ማታ መብራታቸው ከጉብታዋ ግርጌ ይደርስ ጀመር። የሁለቱም ከተማ ሰዎች «መሀል ከተማው የደመቀ የእኛ ነው፤ ማታው የሚያምር የእኛ ነው» እየተባባሉ ይከራከሩ ነበር አሉ። ይከራከሩ፣ የሰው ነገር ነው። የእኛ ጉዳይ ከጅቦቹ ጋር ነው።

ጅቦቹ ከተማ ገብተው አያውቁም። ኑሯቸው ከጉብታዋ በታች ባለው ግጦሽ ላይ ነበር፤ የሞተውን ከብት ይበላሉ፣ ለመሞት የዘገየውንም አንዳንዴ ያግዙታል። እንግዲህ ግጦሹ አለቀ። በዚያ ላይ ድንጋይ ፈላጮች መጡና ጉብታዋን በድማሚት ያፈርሷት ጀመር። በፈነዳ ቁጥር የዋሻቸው ጣሪያ አፈር ያራግፋል። እመት ጅቢት ደግሞ ገና እግራቸው ያልጠና ሦስት ግልገሎች ታጠባ ነበር።

«ስማኝ አያ ጅቦ» አለችው ባሏን። «እዚህ ከቆየን ድንጋዩ ልጆቼን ይጨርሳቸዋል። በአፋችን አንጠልጥለን ከአገር አገር ልንወስዳቸው የምንችለው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛ ካንከራተትናቸው አይተርፉልኝም። እባክህ ሂድና ሁለቱንም ከተሞች አይተህ ና። የሚያኖረን የትኛው እንደሆነ ለይተህ ንገረኝ።»

«ይኸማ ምን ችግር አለው» አለ አያ ጅቦ። «አፍንጫዬ መቼ ተሳስቶ ያውቃል?»

ይህን ሲነጋገሩ ከቁጥቋጦው ጀርባ የምትሰማ ነበረች። እመት ቀበሮ ናት። እሷ ሁለቱንም ከተሞች ጓዳ ጎድጓዳቸውን ታውቃለች። ከሰንበሌጥ ጀርባ ውሃ የሚወርድበት፣ ዋሻ ያለው፣ ቁጥቋጦ የሸፈነው ገደል አይታ ለራሷ አጭታዋለች። ጅብ ጎረቤት እንዲሆናት ደግሞ በፍጹም አትፈልግም፤ ጅብ ባለበት ችቦና ጠመንጃ አይጠፋም። ቀበሮ ሌላም የምታውቀው ነገር ነበር። ዶሮ ሌባ ናትና ሰው መቼ እንደሚያርድ፣ መቼ እንደማያርድ ቀኑን ለይታ ትይዛለች።

ብቅ አለችና፣ «አያ ጅቦ፣ ብቻህን ከተማ ገብተህ መኪና ይጨፈልቅሃል። እኔ ልምራህ። እሑድ ማታ ዋንዛ በርን፣ ሰኞ ማታ ሰንበሌጥን እናያለን። ለእያንዳንዷ አንድ ማታ፣ ማንም ማንንም አይበልጥም» አለችው።

«ፍርድ ማለት እንዲህ ነው» አለ አያ ጅቦ ደስ ብሎት።

ያ እሑድ የሁዳዴ ቅበላ ነበር። እናንተ ይገባችኋል። ጅብ ግን ከቀን ሁሉ የሚያውቀው የጠገበበትንና የተራበበትን ብቻ ነው።

እሑድ ማታ ዋንዛ በር ደረሱ። አንድ ጅምር ፎቅ ላይ ወጥተው ከብሎኬት ክምር ጀርባ ሆነው መሀል ከተማውን ቁልቁል አዩት። ማየት ነው እንግዲህ። የሥጋ ቤቱ በር ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሽንጡና ዳቢቱ ተሰቅሏል፤ ጥብሱ ይንጣጣል፣ ጃንቦው ይቀዳል። ከአንዱ ቤት አዝማሪ፣ ከሌላው ቤት ሞንታርቦ እየተሻሙ ይጮኻሉ። ባጃጆቹ መተላለፊያ አጥተው ጥሩምባ ይነፋሉ፤ ሰውም በመካከላቸው እስክስታ ይወርዳል። ነገ ጾም ስለሆነ ሁሉም የሚጣደፈው ዛሬን ለመጨረስ ነው። ሥጋ ቆራጮቹ ገበያ በዝቶባቸው ሥጋ ያልተጋጠበትን አጥንት ሁሉ በደጅ ይወረውሩት ነበር።

«እመት ቀበሮ፣ እዚህ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለ ጅቡ ለሀጩ እየወረደ።

ቀበሮ ብልጥ ስለሆነች መዋሸት አልፈለገችም። «እኔ ምን አውቃለሁ፤ አንተ ምን ታያለህ?»

«እኔማ ሥጋ አያለሁ።»

«እንግዲያ ዓይንህን እመን» አለችው።

አያ ጅቦ ተሹለክልኮ ወረደና አንድ የበሬ ታፋ አጥንት ይዞ ተመለሰ። እሱን ሲቆረጣጥም ሌሊቱ አለቀ። ውሃ ይኑር፣ መጠጊያ ይኑር፣ ልጅ የሚደበቅበት ቀዳዳ ይኑር አይኑር ዞር ብሎ አላየም። ሆድ ሲሞላ ማን ያስባል?

ሰኞ ማታ ሰንበሌጥ ገቡ። እዚህም ሁዳዴ ገብቷልና ሥጋ ቤቶቹ ተቆልፈዋል። ከተማዋ ግን አልተኛችም። አደባባዩ ላይ ሽማግሌዎች በጠርሙስ ቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈው ይበሳጫል፣ የቆሙት ይስቁበታል። ልብስ ሰፊዎች በረንዳ ላይ መኪናቸውን ይረግጣሉ። ተማሪዎች ከመንገድ መብራት ሥር ተቀምጠው ያነባሉ። ሴቶች ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ይሸጣሉ፤ ከፋብሪካ ሥራ የሚወጡት ሠራተኞችም ከእነሱ እየገዙ፣ «ደህና እደሩ» እየተባባሉ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ውሾቹ እንኳ ተንጋለው ተኝተው ነበር።

«ይቺ ከተማ ሞታለች» አለ አያ ጅቦ።

«ሰው እኮ ሞልቷል» አለች ቀበሮ፣ ነገሩን ለማጽናት።

«ሰውስ አለ፤ ግን ምን ይበላል? ድንች። ደግሞ ቆርኪ እየገፉ ይስቃሉ። ይኼ ምኑ ያስቃል?»

ሲመለሱ ቀበሮ ገደሉን ነፋሱ ሽታውን በማያመጣበት ወገን ይዛው ዞረች። ምክንያት ነበራት። ሰንበሌጥ የሞተ አህያና የሞተ በቅሎ የምትጥለው እዚያ ገደል አፍ ላይ ነው። የሞተ አህያ ደግሞ ጾም ፍስክ አይልም። አያ ጅቦ የውሃ ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ቀሰረ።

«ያ ምንድን ነው?»

«ገደል ነው። ውሃ ይወርድበታል። ጠምቶሃል እንዴ?»

«እኔን የጠማኝ ሥጋ ነው» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ጎህ ሲቀድ ዋሻው ደረሰ። እመት ጅቢት እስከዚያ ዓይኗን አልከደነችም ነበር።

«ዋንዛ በር ነው» አላት ገና ሳይቀመጥ።

«ዋሻ አለው?»

«ሥጋ አለው።»

«ውሃስ?»

«እኔ ሥጋ እላለሁ፣ አንቺ ውሃ ትያለሽ። በደጅ እየተጣለ ነው የምልሽ።»

«ሰንበሌጥስ?»

«ቀብር ናት። ከጀርባዋ ገደል አለ፣ ውሃም ይወርድበታል። በውሃ ድምፅ ልጅ አያድግም።»

የእመት ጅቢት ልቧ ወደ ገደሉ ነበር። ነገር ግን ወተቷ እየነጠፈ ነው፤ ትንሿ ግልገሏ ጡቷን አንዲት ጠብታ እንኳ ሳታገኝበት መልቀቅ ጀምራለች። ሥጋ ማለት ለእሷ ወተት ነው።

«በአንድ ማታ ብቻ አይተህ እርግጠኛ ነህ?» አለችው።

«ሁለቱንም እኩል ነው ያየሁት» አለ አያ ጅቦ። በዚህስ እውነቱን ነበር።

በዚያው ቀን ሲመሽ ግልገሎቹን በአፋቸው አንጠልጥለው፣ እየተመላለሱ ዋንዛ በር አደረሷቸው። መሀል ከተማው ጭር ብሏል። ሥጋ ቤቱ ሁሉ በብረት በር ተዘግቷል። አዝማሪ የለም፣ ሞንታርቦ የለም፣ ባጃጅም አንድ ሁለቱ ብቻ ባዶአቸውን ይዞራሉ። ከአንድ ሥጋ ቤት አጥር ውስጥ ጎድኑ የሚቆጠር ውሻ ተጋድሞ ነበር።

«ወዳጄ» አለው አያ ጅቦ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ «ሰዉ የት ሄደ?»

«ቤቱ።»

«ሥጋውስ?»

«ሁዳዴ ገባ እኮ።»

«ሁዳዴ ማን ነው? ያን ሁሉ ሥጋ ብቻውን በላው?»

ውሻው ለመሳቅ እንኳ አቅም አልነበረውም። «ሁዳዴ ጾም ነው፣ አያ ጅቦ። ሰው እስከ ፋሲካ ሥጋ አይቀምስም፤ አዝማሪውም መሰንቆውን ሰቅሏል። አንተ ያየኸው ቅበላ ነው። የሁለት ወሩን በአንድ ማታ ሲበሉት ነው የደረስከው።»

«ሰንበሌጥም እንዲሁ ናት?» አለች እመት ጅቢት፣ ትንሿን ግልገል መሬት አስቀምጣ።

«ሥጋ ቤቱ እንዲሁ ነው። እዚያ ግን ሰው ማታ ሌላም ሥራ፣ ሌላም ጨዋታ አለው። እዚህ ሥጋና መጠጥ ከተዘጋ ሁሉም ነገር ተዘጋ ማለት ነው።»

«ፋሲካ ሩቅ ነው?» አለ አያ ጅቦ።

«ለጠገበ ቅርብ ነው» አለ ውሻውና ፊቱን አዞረ።

መጠጊያ ፍለጋ ዞሩ። መሬቱ ሁሉ ሲሚንቶ ለብሷል። ያገኙት በአዲሱ መንገድ ሥር የተቀበረ አንድ የውሃ ቱቦ ብቻ ነበር።

«ለጊዜው እዚህ እንሁን» አለ አያ ጅቦ። ይቺ «ለጊዜው» የምትባል ነገር ስንቱን ቤት እንዳፈረሰች እናውቃለን። እመት ጅቢት ግን ምን ታድርግ? ልጆቿ ከመንገዱ ድካም የተነሣ አንገታቸውን ማቅናት አቅቷቸዋል፤ ዳግመኛ ለማንሣት ፈራች።

አያ ጅቦ በየምሽቱ «ዛሬ ይከፈት ይሆናል» እያለ ሥጋ ቤቶቹ ደጅ ይቆማል። በየማለዳው አሮጌ ጫማ ወይም የደረቀ ቁርበት ይዞ ይመለሳል። ግልገሎቹ ከሱ። እናትየውም አጥንቷ ወጣ።

በጾሙ አጋማሽ ላይ የበልግ ዝናብ ጣለ። አስፋልት ውሃ አይጠጣምና ከመሀል ከተማው የወረደው ጎርፍ ሁሉ ወደ ቱቦው ገባ። አያ ጅቦ ያን ጊዜ ሥጋ ቤት ደጅ ነበር። እመት ጅቢት አንዱን ግልገል በአፏ ይዛ አወጣች። ተመልሳ ሁለተኛውን አወጣች። ለሦስተኛዋ ስትመለስ ግን ትንሿ የለችም፤ ውሃው ወስዷታል። እስኪነጋ ድረስ በቦዩ ዳር እየሮጠች ጠራቻት። ሲነጋም ፈለገቻት። አላገኘቻትም።

እመት ጅቢት ከዚያ በኋላ ማንንም አላማከረችም፤ መቆየቱ ከመንገዱ ይልቅ እንደሚገድላቸው አይታለች። የቀሩትን ሁለቱን ተራ በተራ እያነሣች፣ ትንሽ ተጉዛ እየተመለሰች፣ በፈራረሰችው ጉብታ በኩል አልፋ ሰንበሌጥ ገደል አደረሰቻቸው። ውሃ ነበረ። ዋሻ ነበረ። ገደሉ አፍ ላይም ከተማው የጣለው የሞተ በቅሎ ነበረ። በላች፤ ወተቷም ተመለሰ። አያ ጅቦ ዱካዋን ተከትሎ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

እመት ቀበሮም እዚያው አጠገብ ጉድጓዷን ምሳ ተቀምጣ ነበር። አያ ጅቦ ሲያያት ጥርሱን አፋጨ።

«አታለልሽኝ።»

«ምን ዋሸሁህ?» አለች ቀበሮ፣ ሸሸት ብላ። «ጥብሱ ውሸት ነበር? አጥንቱ ውሸት ነበር? ያሳየሁህ ሁሉ እውነት ነው።»

የመለሰችው ሚስቱ ናት።

«አንቺ ያሳየሽው እውነት ነው። ግን ልጄን የበላት ያላሳየሽው ነው። ከደጄ ራቂ፤ አሁን ወተት ያለው ጡት ብቻ ሳይሆን ጥርስም አለኝ» አለቻት። ከዚያም ወደ ባሏ ዞራ፣ «አንተ ደግሞ ያላሳየችህን ለምን አልጠየቅህም?» አለችው። ቀበሮ በዚያው ጉድጓዷን ጥላ ወጣች፤ የፈራችው ጎረቤት መጣባት።

እንዲህ እያሉ የፋሲካ ሌሊት ደረሰ። ነፋሱ ከምሥራቅ ነበር፤ የዋንዛ በርን የጥብስ ሽታ ተሸክሞ ገደሉ ውስጥ ገባ። ከሩቅ የሞንታርቦው ድምፅ ይሰማል፤ ሰማዩም ከመብራቱ የተነሣ ቀልቷል። አያ ጅቦ ከተኛበት ተፈናጥሮ ተነሣ።

«ሸተተሽ? ዋንዛ በር ነፍስ ዘራች። ብዬሽ ነበር እኮ። ተነሺ፣ ልጆቹን እናንሣ።»

እመት ጅቢት ከተጋደመችበት አልተንቀሳቀሰችም። ሁለቱ ግልገሎች ሆዷ ሥር ተጣብቀው ይጠባሉ።

«ሸቶኛል» አለች። «ከበቅሎ ሥጋ የበሬ ጥብስ እንደሚጥምም አላጣሁትም። ከፈለግህ ሂድና ብላ። ግን ሰው ‹ስንት ልጆች አሉህ› ብሎ ቢጠይቅህ፣ ‹ሦስት ነበሩኝ፣ አንዷን በአንድ ማታ ጥብስ ለወጥኳት› ብለህ ንገረው።»

አያ ጅቦ አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር፤ እዚያው መለሰው። ከዚያ ሌሊት በፊት ስለ ትንሿ ግልገል አልቅሶ አያውቅም ነበር። ያን ጊዜ አለቀሰ። ሚስቱም አላባበለችውም፤ ትንሽ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት እንጂ። እሱም ከልጆቹ አጠገብ ተኛ።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጆቻችንን ይዘን የምንገባበትን አገር በድግሱ ማታ ብቻ አይተን መምረጥ እንደሌለብን፣ ድግሱ ሲያልቅ ምን እንደሚቀርለት አስቀድመን መጠየቅ እንዳለብን ነው።