የፊታውራሪው ቀኝ እግር

የፊታውራሪ ጓንጉል ቀኝ እግር በሕመም ምክንያት ከጉልበቱ ቢቆረጥም፣ አውራ ጣቱ አሁንም ያሳክካቸው ነበር። ያንን እግር ወስዶ የቀበረው እግር አጣቢያቸው ነው። አንድ ቀን ስለ ጣታቸው ሲያማርሩ ሰምቶ ፈገግ አለ፤ እሳቸውም አይተው ቂም ያዙበት።

በማግስቱ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ አጣቢው ግራ እግራቸውን አጥቦ፣ እንደ ወጉ ስሞ ሊነሳ ሲል፣

«ቀኙስ?» አሉት።

«ጌታዬ?»

«ያሳክከኛል እኮ! የለም ካልክ ውሸታም ብለኸኛልና ትገረፋለህ። አለ ካልክ ደግሞ እጠበው፤ ማሳከኩ ካልቆመ ያው ትገረፋለህ።»

እንግዶቹ ሳቁ። አጣቢው ጅራፍ የያዘውን አሽከር አየት አደረገና ማንቆርቆሪያውን አንስቶ ቆመ።

«አለ እንጂ ጌታዬ! ባይኖርማ ምኑ ያሳክክዎት ነበር? የታችኛውን በገዛ እጄ ቀብሬዋለሁ፤ የሚያሳክክዎት አንጎልዎ ውስጥ የቀረው ነው» አለና ማንቆርቆሪያውን ከአናታቸው በላይ ዘንበል አደረገው። «እንግዲህ ባርኔጣዎን ያውልቁልኝና እግርዎን ልጠብልዎት።»